የአንድ ዓመት መሪዎች፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለመሪነት ስለ ማብቃት

የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ አባላቱ በሙሉ መንገደኞች ናቸው። ዛሬ ኅብረቱን የሚመራው ወጣት በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ ገብቶ፣ ተምሮ፣ መርቶ፣ ተመርቆ ይወጣል። በመካከላቸው ሽማግሌ የሚባል የለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ተማሪ በዚያ ጉባኤ አንጋፋ ነው። አንድ የመሪዎች ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለአንድ የትምህርት ዓመት ነው። ሥራውን ለመልመድና ለማስረከብ የሚያስፈልገው ጊዜ ሲቀነስ በእጁ የሚቀረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

እርስዎ መጋቢ፣ የሥነ መለኮት መምህር ወይም ከኅብረቱ የወጡ ምሩቅ ከሆኑ፣ እነዚህን ወጣቶች እንዲያሠለጥኑ ሳይጠየቁ አልቀሩም። ግብዣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው፦ «አዲሶቹ መሪዎች ተመርጠዋል፤ ቅዳሜ የአንድ ቀን ሥልጠና ይስጡልን።» ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ስለ ሙሴና ስለ ነህምያ ያስተምራሉ፤ ወጣቶቹ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ እጅ ተጭኖ ይጸለይላቸዋል። ሥልጠናው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ተማሪ መሪ የሚሆነው በዚያ ቅዳሜ አይደለም። መሪ የሚሆነው እውነተኛ ኃላፊነት በተወሰነ ልክ ሲሰጠውና ሥራውን የማይቀማው ታላቅ ሰው በአጠገቡ ሲቆም ነው። ሥልጠና ጥያቄ ላለው ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ጥያቄ ደግሞ የሚመጣው ከሥራ በኋላ ነው።

«መሪ» ማለት ማን ነው?

በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ቆሮ. 12፥28 ከተዘረዘሩት ስጦታዎች መካከል «አገዛዝ» የሚል ቃል እናገኛለን። ዛሬ ይህን ቃል የሚሰማ ተማሪ ሐሳቡ ወደ መንግሥት ሥልጣን መሄዱ አይቀርም። በግሪኩ ያለው ቃል «ኩቤርኔሲስ» ሲሆን መርከብን አቅጣጫ ከማስያዝ ሥራ የመጣ ነው። በሐዋ. 27፥11 ጳውሎስ የተሳፈረበትን መርከብ የሚነዳው ሰው የተጠራበት ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። አማርኛችንም እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ሾፌር በእጁ የሚይዘውን ክብ ነገር «መሪ» እንለዋለንና። መሪ የጨበጠ ሰው ዐይኑ ያለው በመንገዱና በተሳፋሪው ደኅንነት ላይ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ፊቱን ባያዩትም ቅር አይለውም።

በሮሜ 12፥8 «የሚገዛ» ተብሎ የተተረጐመው ቃልም በተመሳሳይ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። ቃሉ ከፊት መቆምን ብቻ ሳይሆን ለሌላው መቆርቆርንና መንከባከብንም ይይዛል። ጳውሎስ ያስቀመጠውም በልግስናና በምሕረት መካከል ነው።

ይህ የቃላት ጥናት ብቻ አይደለም። በግቢ ውስጥ መሪ በሚመረጥበት ወቅት ዐይን የሚያርፈው ድምፁ በሚያምር፣ ስብከቱ በሚነካ፣ ጸሎቱ በሚግል ልጅ ላይ ነው። ጳውሎስ ግን ትንቢትን፣ ማስተማርንና ማስተዳደርን ለየብቻ ነው የቆጠራቸው፤ አንዱ ያለው ሰው ሌላውም አለው ማለት አይደለም። ማይክሮፎን የመያዝ ጸጋ ያለው ተማሪ ሰብሳቢ ተደርጎ ሲመረጥ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። እርሱ በማይችለው ሥራ ይዝላል፤ ኅብረቱም በመልካም መድረኮች መካከል አቅጣጫ ያጣል። ከዚህም የሚከፋው፣ ይህ ወጣት መሪነትን ከመድረክ ለይቶ ሳያውቅ ተመርቆ ወደ አብያተ ክርስቲያናት መምጣቱ ነው። ማንም የማይጠይቃቸው አገልጋዮች ዛሬ በየከተማው ምን እንዳደረሱብን አንባቢው ያውቃል።

ታዲያ የማስተዳደር ጸጋ ያለውን በምን እንለየዋለን? «ዛሬ ማን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቀውን ይመልከቱ። ከአዳራሹ ባለቤት ጋር የተቀጠረበትን ሰዓት የሚያከብረውን፣ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ወንበር የሚመልሰውን፣ ሲታረም የማያኮርፈውን ይመልከቱ። እዚህ ላይ ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በዶርም የታመመችውን የሚጠይቁ፣ አዲስ ገቢዎችን የሚያላምዱ፣ የቀረችውን ፈልገው የሚያመጡ ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ምርጫ ሲደርስ ግን በልማድ ለጸሐፊነት ወይም ለመስተንግዶ ብቻ ይታሰባሉ። አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሴቶች ሹመት ያላቸው አቋም የተለያየ መሆኑ ይታወቃል፤ የተማሪዎች ኅብረት ግን መጋቢ እየቀባ አይደለም። መንገዱን የምታይ ልጅ ካለች መሪውን ትያዝ።

ኢያሱ እንዴት አደገ

ኦሪት የመሪነት ማሠልጠኛ ሆኖ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል የመሪነት «መርሕ» ለማውጣት መጣደፍ አይገባም። ሆኖም የኢያሱን ታሪክ በተከታታይ ያነበበ ሰው ሙሴ እርሱን ያሳደገበትን መንገድ ሳያስተውል አያልፍም።

ኢያሱ መጀመሪያ የሚታየው በዘጸ. 17 ነው፤ ከአማሌቅ ጋር እንዲዋጋ ይላካል። ሰዎቹን የሚመርጠውም ራሱ ነው። ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ ይቆማል፤ ከውጊያው አልራቀም፣ ነገር ግን ወርዶ ሰይፉን አይቀማም። እጁ ሲዝል የሚደግፉት አሮንና ሖር አሉ፤ ታላቁም ራሱ ደጋፊ ያስፈልገው ነበር። በዘጸ. 33፥11 ኢያሱ ከመገናኛው ድንኳን የማይለይ ወጣት ሆኖ ይታያል። በዘኍ. 11 ደግሞ ይሳሳታል። ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ሲናገሩ ለጌታው ክብር ቀንቶ እንዲከለከሉ ይጠይቃል፤ ሙሴም ያርመዋል። እርማቱን ልብ ይበሉ። የኢያሱ ጥፋት ለመሪው ታማኝ ከመሆን የመጣ ስለሆነ ብዙ መሪ ደስ ብሎት ያልፈው ነበር። ሙሴ ግን ለእርሱ መቅናት መልካም እንዳልሆነ ነገረው።

በመጨረሻ በዘኍ. 27፥18–23 ሙሴ ገና በሕይወት ሳለ፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት እጁን ይጭንበታል፤ ከክብሩም ያካፍለዋል። ርክክቡ ሙሴ ከሞተ በኋላ አልተፈጸመም። ሁለቱ አብረው የታዩበት ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡም አይቷል።

ከዚህ ጋር መሳ. 2፥10ን ያነጻጽሩ። ኢያሱና በእርሱ ዘመን የነበሩት ካለፉ በኋላ እግዚአብሔርን የማያውቅ ትውልድ ተነሣ። ጽሑፉ ለዚህ ኢያሱን በግልጽ አይወቅስም፤ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ነው የሚያኖረው። ነገር ግን ሙሴ ለኢያሱ እንዳደረገው፣ ኢያሱ እጁን የጫነበት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አናገኝም። በአርባ ዓመት አንዴ ተተኪ ለሚያስፈልገው ሕዝብ ነገሩ ይህን ያህል ከከበደ፣ በየዓመቱ ተተኪ ለሚያስፈልገው ኅብረት ምን ያህል ይክበድ?

«ገና ልጆች ናቸው»

ይህን ሐሳብ ሲሰሙ «ልጆች ናቸው፤ ኃላፊነቱን ብንሰጣቸው ያበላሹታል» የሚል መጋቢ ይኖራል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የራሳችንን ታሪክ እናስብ። በ1950ዎቹ በናዝሬት፣ በሐረርና በአዲስ አበባ በተማሪዎች መካከል የተነሣው መነቃቃት የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን ወለደ። ያችን ቤተ ክርስቲያን ዕውቅና ተነፍጋ በተሰደደችበት ዘመን የመሯት ገና ከተማሪነት ያልወጡ ወይም በቅርብ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ከተሰወረችበት ስትወጣ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። እነዚያን ዓመታት የያዙት በየቤቱ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ቡድኖች ነበሩ፤ ቡድኖቹንም የመሩት በአብዛኛው ሹመት የሌላቸው ምእመናን ናቸው። ስደትን መመኘት የለብንም። ነገር ግን መድረኩ ሲዘጋ የቀረው ትንሹ ቡድን መሪ እንዳፈራ ማወቅ ይጠቅመናል።

ከትንሹ ቡድን መጀመር

ስለዚህ አንድን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለማብቃት ከሁሉ የሚሻለው ሥራ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ያሉበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ለአንድ ሴሚስተር መምራት ነው። የተማሪ ምደባ ልጆችን ከቤታቸው ሩቅ ይወስዳል፤ ከአርባ ምንጭ የመጣው ጎንደር፣ ከደሴ የመጣው ጅማ ይደርሰዋል። ይህ ቡድን ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ቤተሰብ ነው። መሪው እዚያ የሚማረውን ከመድረክ አይማረውም። ስብከት ሳያደርግ ጥያቄ መጠየቅን ይማራል። ጠይቆም ዝምታውን መታገሥን ይማራል፤ ይህ ቀላል አይምሰልዎ፤ አብዛኞቻችን ጠይቀን ራሳችን እንመልሳለን። ሁልጊዜ የሚናገረውን በፍቅር መግታትን፣ የማይናገረውን መጋበዝን ይማራል። በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ መጨረስን ይማራል፤ የዶርም በር የሚዘጋበት ሰዓት አለና።

የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው? በቡድኑ ውስጥ ገብቶ ማስተማር አይደለም። እርስዎ በተቀመጡበት ልጁ አይመራም፤ ዐይኖች ሁሉ ወደ እርስዎ ይዞራሉ። ይልቅ ጥናቱ ካለቀ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ሻይ ይጋብዙትና ይጠይቁት፦ ማን ዝም አለ? ለምን ይመስልሃል? ያልመለስከው ጥያቄ የትኛው ነበር? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱን ቢያውቁት እንኳ ወዲያው አይስጡት። የሚያነበውን መጽሐፍ ያውሱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዞት ይምጣ። የዓመት ሥልጠና ማለት ይህ ነው፤ ዋጋው የሻይ ነው።

ገንዘብም መምህር ነው። የተማሪ መዋጮ ትንሽ ነው፤ ልማድ የሚተከለው ግን በትንሹ ላይ ነው (ሉቃ. 16፥10)። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለት ሰው ይፈርም፣ ለወጪው ደረሰኝ ይያያዝ፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻም ሪፖርቱ በአባላት ፊት ይነበብ። አንድ አባል ተነሥቶ «ይህ ሁለት መቶ ብር ምን ሆነ?» ቢል፣ ገንዘብ ያዡ «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ብሎ እንዳይቈጣ አስቀድሞ ይነገረው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን እንዳልያዘ፣ ሌሎች አብረውት እንዲሄዱ ያደረገውም ነቀፋ እንዳይኖር መሆኑን ያሳዩት (2ኛ ቆሮ. 8፥18–21)። ሐዋርያው ለመጠየቅ ፈቃደኛ ከሆነ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ አይከብደውም።

ሌላው ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ኅብረቶች ዋናውን ጉባኤ የሚያደርጉት ከግቢ ውጭ በአቅራቢያ ባለ አጥቢያ ነው። በዚህ መካከል ወጣት መሪዎች ወደ ሁለት ጫፍ ይሳባሉ፤ አንዱ መፍራት፣ ሌላው መጋፈጥ። ዳንኤል 1 ሦስተኛ መንገድ ያሳያል። ዳንኤልና ባልንጀሮቹም ለሦስት ዓመት ትምህርት የተመደቡ ተማሪዎች ነበሩ። ዳንኤል እንዳይረክስ በልቡ ቈረጠ፤ ያቀረበው ጥያቄ ግን አነስተኛ፣ ጊዜው በአሥር ቀን የተወሰነና ውጤቱ በዐይን የሚታይ ነበር። የአለቃውንም ፍርሃት አልናቀም። የኅብረቱ ሰብሳቢ ለተማሪዎች ዲን ደብዳቤ ሲጽፍ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው፤ ምን ይፈለጋል፣ ለስንት ሰዓት፣ ኃላፊው ማን ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ የቻለ ወጣት ነገ ለቀበሌም ለወረዳም መጻፍ አያቅተውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚከፈል ዋጋ

በመሪነት ዓመታቸው ውጤታቸው የወደቀ ተማሪዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ለአገልግሎት የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ተደርጎ አንዳንዴም በምስክርነት ይነገራል። ይህን አነጋገር ማቆም ይገባናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ የላከውን ልጅ ስብሰባ ላይ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ማቆየት መንፈሳዊነት አይደለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለነገ ፈተና የሚያነብ ሰብሳቢ ካለ፣ መጠየቅ ያለበት የእርሱ ትጋት ብቻ ሳይሆን የኅብረቱ አሠራር ነው። ምናልባት የሰባት ሰው ሥራ ሦስት ሰው ላይ ወድቋል። ዮቶር ሙሴን የመከረው ይህንኑ ነበር (ዘጸ. 18)፤ ምክሩም የሕዝቡን ድካም ጭምር ያነሣል። ብቻውን የሚሮጥ መሪ ሌሎቹንም ያደክማል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ችግሩን የሚያብስ ሌላ ነገር መጥቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ማስረከቢያው ወቅት ሳይደርስ ግቢው ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ጦርነት የተቋረጡ ግቢዎች ነበሩ። የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ደግሞ ማለፊያውን ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ስለ ሆኑ፣ ብዙዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በማካካሻ ትምህርት በኩል ነው። የመጀመሪያ ዓመታቸው ሙሉ በሙሉ የፈተና ዓመት ነው። እነርሱን በመጀመሪያው ሴሚስተር ኃላፊነት ማሸከም ተገቢ አይደለም፤ እነርሱን ረስቶ መቆየትም ሰንሰለቱን መበጠስ ነው። ቡድን ውስጥ ይግቡ፣ ይረፉ፣ ይታወቁ።

ማጕረምረም ሲነሣ

በግቢ ውስጥ የቋንቋና የብሔር ውጥረት ሲነሣ ወደ ኅብረቱም ይገባል። «እኛ በክርስቶስ አንድ ነን» ማለት እውነት ነው፤ ብቻውን ግን ቅሬታ ያለውን ሰው ዝም ማሰኛ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያት በሐዋ. 6 ያደረጉት ይህን አልነበረም። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ችላ መባላቸውን ሲያጕረመርሙ፣ ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ አለማመን አልቈጠሩትም፤ ጉባኤውን ሰብስበው አሠራር ለወጡ። የተመረጡት ሰባቱ ስሞቻቸው በሙሉ ግሪክኛ መሆናቸው ይታወቃል። ከተበደለው ወገን ሰዎች ተመርጠው ለሁሉም እንዲያድሉ ተደረገ ማለት ነው። አንድ የተማሪ መሪ ይህን ምዕራፍ ይዞ የኅብረቱን የመዝሙር ቋንቋ፣ የምርጫ ውጤትና የጸሎት ርእሶች ቢመረምር፣ በአሥር ሴሚናር የማያገኘውን ይማራል። እርስዎም አብረውት ሲመረምሩ ወገን አይያዙ፤ ተማሪዎች የታላቆችን ወገንተኝነት ከሩቅ ያሸታሉ።

ርክክብና ከዚያ በኋላ

ርክክብ በአንድ እሑድ አይፈጸምም። አዲሶቹ ከዓመቱ መጨረሻ ሁለት ወር ቀደም ብለው ቢመረጡ፣ በዚያ ጊዜ ነባሮቹ በአጠገባቸው ሆነው ሥራውን ያዩላቸዋል። የሚተላለፈውም ማኅተምና ቁልፍ ብቻ አይሁን። አንድ ደብተር ይኑር፤ የአዳራሹ ኪራይ ስንት እንደ ሆነ፣ የቱ መጋቢ ሌሊት ቢደወልለት እንደሚመጣ፣ የትኛው ውሳኔ ለምን እንደ ተወሰነ፣ ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ ይጻፍበት። የመጨረሻው በተለይ ይጻፍ። ወጣቶች የሠራላቸውን መጻፍ ይወዳሉ፤ ተተኪውን የሚያድነው ግን ያልሠራው ነው።

ሥልጣኑን ያስረከበው ተማሪ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ይህ ዓመት ብዙ ጊዜ ይባክናል፤ ልጁ ወይ ከኅብረቱ ይጠፋል፣ ወይ ከኋላ ሆኖ ይመራል። በዚህ ጊዜ ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቢላክና ማንም ሰብሳቢ መሆኑን በማያውቅበት ቦታ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ቢያስተምር፣ ከሽማግሌዎች ሥር መሥራትን ይለማመዳል። በኅብረቱ አብረውት የነበሩት ሁሉ እኩዮቹ ነበሩ፤ በአጥቢያው ግን አያቱ የሚሆኑ እናት ጸሎቱ በዛ ይሉታል፣ የአሥር ዓመት ልጅም ታሪኩን አላመንኩም ይለዋል።

ሲመረቅ ኅብረቱ ለሚሄድበት ከተማ አጥቢያ አጭር ደብዳቤ ይጻፍለት። ደብዳቤው ያገለገለበትን ክፍል፣ ከማን ጋር እንዳገለገለ፣ የቀረውንም ድካም በቅንነት ይግለጽ፤ የሚቀበሉት መጋቢም ስድስት ወር ሳይሞላው መድረክ እንዳይሰጡት ይለመኑበት።